የወይናደጋው ውኃ፦ ቢልሃርዚያ በምዕራብ ጎጃም

በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያን ወንዞች የሚመለከቱ ሁለት ሥራዎች ብቅ አሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማምተው ለዓመታት የደከሙበት፣ በብዙ ጥራዝ የታተመው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ነው። በውስጡ 33 የመስኖና የኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮጀክቶች ተዘርዝረዋል። ላይኛው ብር እና ታችኛው ብር የተባሉት፣ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ አገር የሚወርደውን የብርን ውኃ ለእርሻ ለማዋል የታሰቡ ነበሩ። ሁለተኛው ሥራ ያኔ ገና ጥራዝ አልነበረውም። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰው ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ፣ ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አየ።

የአሜሪካኖቹ ጥናት ውኃው ምን ያህል እንደሆነና ስንት ሄክታር እንደሚያጠጣ ለካ። አክሊሉ ደግሞ ውኃው ውስጥ ምን እንደሚኖርና ማንን እንደሚያሳምም ጠየቀ። መዛግብቱን ደጋግሜ ሳነብ የሚታየኝ፣ የምዕራብ ጎጃም የቢልሃርዚያ ታሪክ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አለመገናኘት ታሪክ መሆኑ ነው። ውኃ የሚለካው ሰው አንድ ቢሮ፣ ትል የሚቆጥረው ሰው ሌላ ቢሮ ተቀምጠው ግማሽ ክፍለ ዘመን አለፈ።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ በቀስር አል ዐይኒ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምር፣ ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም ያልገለጸው ትል አገኘ። በሽታው ግን ለግብፅ አዲስ አልነበረም፤ በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር ሦስት ሺህ ዓመት በተጠጋ አስከሬን ኩላሊት ውስጥ በካልሲየም የጠጠረ የትሉን እንቁላል አሳይቷል። ቢልሃርዝ ራሱ ወደ እኛ አገር ጠረፍም መጥቶ ነበር። በ1862 አንድ የጀርመን መስፍን ተከትሎ እስከ ምጽዋ ወረደ፤ በጉዞው ታይፈስ ያዘውና ካይሮ ተመልሶ በ37 ዓመቱ ሞተ። ትሉ ያለ ቀንድ አውጣ መራባት እንደማይችል በመጀመሪያ ጃፓኖች በ1913 በራሳቸው አገር ዝርያ ላይ አረጋገጡ፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሌፐር ደግሞ በ1915 ግብፅ ላይ የሽንት ቧንቧውና የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ሁለት የተለያዩ ትሎች፣ ሁለት የተለያዩ ቀንድ አውጣዎች እንዳሏቸው አሳየ። ጎጃምን የሚመለከተው የአንጀቱ ነው። የሽንት ቧንቧው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው በአዋሽ የታችኛው ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌና በሱዳን ጠረፍ ኩርሙክ አካባቢ ነው።

የአንጀቱ ትል አካሄድ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ በአጭሩ ልናገረው። ከሰገራ ጋር የወጣ እንቁላል ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ በአንድ ቀን ግድም ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ይራባና ከወር ገደማ በኋላ ጭራው ሹካ የመሰለ ሌላ እጭ ሆኖ በብዛት ይወጣል። ሰርካሪያ ይሉታል። መውጫ ሰዓቱ ብርሃንና ሙቀት የሚበረታበት፣ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ ስምንት ነው። ልብስ የሚታጠበውና ልጆች የሚዋኙት ደግሞ ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ሰርካሪያ የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው የጤና ትምህርት ለአሜባና ለጃርዲያ ቢጠቅምም ቢልሃርዚያን አይነካውም፤ ሰውየው የተያዘው ሲጠጣ ሳይሆን ወንዙን ሲሻገር ነው።

ትሉ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚኖረው አንጀት ውስጥ ሳይሆን ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄዱት ደም ሥሮች ውስጥ ነው። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ሰው የሆድ ትልን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት የባላገሩም የመኳንንቱም ልማድ ነበር፤ በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ጄምስ ብሩስም የኮሶን ዛፍ ሥሎ፣ አጠቃቀሙን ጽፎ ሄዷል። ኮሶ ግን የሚያወጣው አንጀት ውስጥ ያለውን ነው። ደም ሥር ውስጥ ለተቀመጠ ትል ምንም አያደርገውም፤ ትሉም አይወጣምና ሰው አያየውም። የማይታይ ትል ስም አያገኝም። ሆድ ቁርጠቱ፣ ደም የቀላቀለው ሰገራ፣ የሆዱ መነፋት ሌላ ምክንያት ተሰጥቷቸው፣ ወይ ጸበል ተወስደው ወይ ሐረግ ተቆርጦላቸው ኖሩ።

የመልክዓ ምድሩም ነገር አለ። የጎጃም ገበሬ ቆላን የሚፈራው በንዳድ ምክንያት ነው፤ ወባ ያለበት በረሃ ወርዶ ያረሰ ሰው በመከር ደጋ ይወጣል እንጂ አይከርምበትም ነበር። ወይናደጋ ግን የሚታመን አገር ነው። ቢልሃርዚያ ይህን ልማድ አያከብርም። በኢትዮጵያ የአንጀቱን ዓይነት የሚያስተላልፈው ዋናው ቀንድ አውጣ፣ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ ጠምዛዛ፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ አልፎ አልፎም እስከ 2,200 ሜትር፣ ደልቶት ይኖራል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቡሬ 2,100 ሜትር ትጠጋለች። ጣናና ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ናቸው። ከ2,200 ሜትር በላይ ግን ውኃው ስለሚቀዘቅዝ ቀንድ አውጣው ቢኖርም ትሉ በውስጡ አድጎ ለመውጣት ሙቀት ያጥረዋል። ሰከላ ላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ካለው ከግሽ ዓባይ ጸበል የሚጠመቅ ምእመን ከቢልሃርዚያ ጋር አይገናኝም። ያው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ሜዳ ሲወርድ ግን ሌላ ውኃ ነው።

ቀደም ያለው መዝገብ ስለዚህ ሁሉ ዝም ማለቱ አያስገርምም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል፤ ብሩስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ። ሁለቱም የተጨነቁት ምንጩ የት እንደሆነ እንጂ ታች ያለው ሕዝብ በውኃው ምን እንደሚሆን አልነበረም። የቡሬ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ የሚመጣው ቡናና ወርቅ፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት የነጋዴ መተላለፊያ ነበር። ነጋዴ ወንዝ ሲሻገር በእግሩ ነው፤ ሲያርፍም ወንዝ ዳር ነው። ቢልሃርዚያ የሚዛመተው በቀንድ አውጣ ጉዞ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ እንቁላል ይዞ በሚዞር ሰው ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ለዘመናት ሲያመላልሰው እንደኖረ መገመት ድፍረት አይሆንም።

በ1941 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከኦሜድላ ተነሥተው በበላያ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሡ ያለፉበት መስመር ከእንጅባራ ወዲህ ያለው ዋናው አውራ ጎዳና ነው። ወጀት የሚባለው ቦታም ፍኖተ ሰላም የሚል ስም ያገኘው በዚሁ የድል ጉዞ ነው። ለእኛ ጉዳይ ትርጉም ያለው መንገዱ ራሱ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለ በሽታው የተጻፈው ነገር ሁሉ የሚከተለው ይህን ጎዳና ነው። መኪና የሚደርስበት ከተማ፣ በከተማው ያለው ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ቤቱ የተሰለፈ ልጅ፣ ከልጁ የተወሰደ ናሙና፤ መዝገቡ የተሠራው እንዲህ ነው። ከጎዳናው ወዲያ አንድ ቀን በእግር የሚያስኬዱት ቀበሌዎች በካርታው ላይ ባዶ ሆነው ቀሩ። ያ ባዶ ቦታ «በሽታው የለም» ተብሎ ሲነበብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማንም አልሄደበትም ማለት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሰፊ ዳሰሳ የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ነው። አያድ የተባለ ባለሙያ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያን፣ የብሪታንያ ሶማሌላንድን፣ ሱዳንንና የመንን አዳርሶ ሪፖርቱ በ1956 በድርጅቱ መጽሔት ታተመ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1954 የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር። ኮሌጁን ያስወለደው በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ነው። ወባ ይገድላል፣ በአንድ መኸር ይገድላል፣ ስለዚህም ኮሌጅ ያስከፍታል። ቢልሃርዚያ ዕድሜ ልክ ያደክማል እንጂ መንደር ስለማይፈጅ ምንም አላስከፈተም። የጤና መኮንኖቹና የሳኒቴሽን ባለሙያዎቹ ወደ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች ሲመደቡ መጀመሪያ ያነሡት ትጥቅ የወባውንና የፈንጣጣውን ነበር። ያንን ምርጫ ዛሬ ተቀምጦ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ያኔ የነበረውን የሞት መጠን ሳስብ አልወቅሳቸውም።

ወደ ዓድዋ ልመለስ። አክሊሉ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያይ ቀና ብሎ ያየው እንዶድ ነው። የደረቀና የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእሱ ነበር። ከአረፋው ጥቂት ወስዶ ሕያው ቀንድ አውጣ በያዘ ዕቃ ውስጥ ጨመረበት፤ ሞቱ። ጥሬው ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ላብራቶሪ ነው። አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር አሜሪካ ውስጥ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ ሲወጣ ለእሱ መታሰቢያ ሌማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ፣ የከተማው ወንዞች በእንዶድ እየታከሙ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የተያዦቹ ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከጠቅላላው ነዋሪ 63 በመቶው ተይዞ የነበረው ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ አለ።

ይህ ውጤት በምዕራብ ጎጃም አንድም ወንዝ ላይ በዚያ መጠን አልተደገመም። እንዶድ የሌለበት የጎጃም አጥር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ የጎደለው ቁጥቋጦው አይደለም። ውጭ ያሉት ለጋሾችና የዓለም ጤና ድርጅት የሚያምኑት በፋብሪካ የተመረተውን፣ ባየር ኩባንያ ባይሉሳይድ እያለ በውድ የሚሸጠውን መርዝ ነበር፤ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ላብራቶሪ ደኅንነቱ እስኪመረመር ይጠበቅ ተባለ። መጠንቀቁ በራሱ ትክክል ነው፤ ዓሣንም የሚገድል ነገር ወንዝ ላይ ዝም ብሎ አይደፋም። ነገር ግን ምርመራው ተጠናቆ የወጣው ወደ 1990 ግድም ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። አክሊሉ ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት ከአፍሪካ ላብራቶሪ የሚወጣ ግኝት በሰለጠነው ዓለም የሚያጋጥመው ጥርጣሬ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እሱና ከ1974 ጀምሮ አብሮት የሠራው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድን የሐይቅ ቧንቧ በሚደፍን ቅርፊታም ፍጡር ላይ ሞክረው የባለቤትነት ጥያቄ ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያ የራሱ ታሪክ ስላለው እዚህ አላስረዝመውም። አክሊሉ በ1997 አረፈ። የጎጃም ሴቶች በዚህ መሐል ከእንዶድ ወደ ኦሞና ወደ ላርጎ ዞሩ። ዱቄት ሳሙና ልብስ ያነጣል፤ ቀንድ አውጣ ላይ ግን የእንዶድን ያህል ኃይል የለውም።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኢንስቲትዩቱ ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር ለረጅም ዓመታት የሠራው የጂኦግራፊ ምሁር ሄልሙት ክሉስ፣ የአገሪቱን የቢልሃርዚያ ካርታ መሙላት ጀመሩ። ከካርታው ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው በሽታው እንደ ነጠብጣብ መሆኑ ነው፤ አንድ ወንዝ ዳር ያለ መንደር በሞላ ጎደል ተይዞ ሳለ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ያለው ነጻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰው ለሥራ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። ወንጂ ላይ የስኳር እርሻው ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ቢልሃርዚያ የቦዩ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ፤ ከሌላ አገር ተይዞ የመጣ ሠራተኛና ቀስ ብሎ የሚሄድ የመስኖ ውኃ ተገናኙ። ግብፅ ላይ የአስዋን ግድብ በ1970 ካለቀ በኋላ በዓባይ ዴልታ የሽንት ቧንቧው ዓይነት እየቀነሰ የአንጀቱ ዓይነት ቦታውን ወሰደ።

ጎጃም ውስጥም እንዲህ ያለ መሰብሰብ ነበረ። በደርግ ዘመን የብርና የአየሁ የመንግሥት እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ከየወረዳው ሳቡ። ከ1984 ድርቅ በኋላ በያኔው የጎጃም ክፍለ ሀገር መተከል አውራጃ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ተነሥቶ በበለስ ሸለቆ ሰፈረ። ከወሎ የመጡት መካከል ባቲን የመሰሉ፣ ቢልሃርዚያ የታወቀባቸው ቆላማ ወረዳዎች ሰዎች ነበሩ። የጣሊያን ኩባንያ ሳሊኒ ፓዌ ላይ መንገዱን፣ ሆስፒታሉን፣ ድልድዩን ሠራ። በሰፈራው መጀመሪያ የሞት ዋናው ምክንያት ወባና የንጽሕና ጉድለት በመሆናቸው የቢልሃርዚያ ጥያቄ ወደ ኋላ ተገፋ። ዛሬም ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከአቸፈር ጎረምሳው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ወደ ሁመራ ሲሄድ የሚያልፍበት የሳንጃ አካባቢ በአገሪቱ ውስጥ ቢልሃርዚያ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አቸፈር ውስጥ ሊበን ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሠራተኛ ይዞት የመጣውን ማንም አይመረምረውም። ጣና በአንድ ወገን ነው፣ በለስ በሌላው፤ ሁለቱም ለቀንድ አውጣው ይመቹታል።

ባሕር ዳር ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። በርሃኑ እርቆ፣ ሽብሩ ተድላና በየነ ጴጥሮስ በ1991 ያሳተሙት ጥናት የበሽታው መተላለፍ በከተማዋ ውስጥ፣ በሐይቁና በዓባይ መውጫ ዙሪያ፣ እንዳለ መዝግቧል። ያ ጥናት የገጠር በሽታ ተብሎ ሲታለፍ የኖረውን ነገር ወደ ፎቁ ከተማ አመጣው።

በሽታው መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር በቅርብ ማየት ይጠቅማል፤ ከትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተነጥቆ ጠረጴዛ ይገባበታል። ልጁ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ናሙናውን ያመጣል። ቴክኒሺያኑ ሰገራውን በጥቅጥቅ ወንፊት ያጣራዋል፤ ከዚያም መሐሉ ቀዳዳ ባለው ካርድ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ መስተዋት ላይ ይለካል። ከላይ በግሊሰሪንና በአረንጓዴ ቀለም ሌሊቱን የተነከረ ሴሎፎን ይለጥፍበታል፤ ይጫነዋል። ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ጃፓኖች በ1950ዎቹ ጀምረውት ብራዚሎች በ1972 አሻሽለውታል። ማይክሮስኮፕ ስር የሚታየው እንቁላል ሞላላ ነው፤ ከጎኑ እንደ እሾህ የወጣች ሹል አለችው፤ ከሌላ ትል እንቁላል ጋር የማታሳስተውም እሷ ናት። የመንጠቆ ትል እንቁላል ግን በሴሎፎኑ ግሊሰሪን በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋ ሥራው ይቸኩላል። የተቆጠረው በ24 ይባዛል። መስተዋቱ ላይ 16 እንቁላል ያለበት ልጅ በግራም 384 ይኖረዋል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መካከለኛ ተያዥ ነው። 17 ካለ 408 ይሆንና ከባድ ይባላል። አንድም ካልታየ ነጻ ተብሎ ይጻፋል። ቀለል ያለ ተያዥ በዚያች ቅንጣት ሰገራ ውስጥ እንቁላል ሳያሳይ ሊያልፍ ስለሚችል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነቱ ሲያንስ እንጂ ሲበልጥ አይታይም።

ልጁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የምናውቀው ከብዙ አገር ጥናት ተደማምሮ ነው። አንዲት ሴት ትል በቀን ከ100 እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ ዕድሜዋም ዓመታትን ይሻገራል። ከእንቁላሎቹ ገሚሱ ከሰገራ ጋር ሲወጣ ሌላው በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ጉዳቱን የሚያመጣው የቀረው ነው። አንጀት ይቆስላል፣ ደም ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ የደም ማነስ ይመጣል፣ ልጁ አቅም ያንሰዋል፣ ክፍል ውስጥ ይዝላል። ጉበት ላይ የቀሩት እንቁላሎች በደም ሥሩ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ አንዳንዱም ደም ያስመልሳል። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ የ40 ዓመት ገበሬ ሐኪም ቤት ሲደርስ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «የጉበት በሽታ» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቤተ ሰቡ መጠጥ አበዛ ይላል። የልጅነቱን ወንዝ የሚያነሣ ሰው የለም።

መድኃኒቱ አለ። ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ ባየርና ሜርክ አብረው አወጡት፤ ክብደት በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ። ትምህርት ቤት ላይ ሚዛን ስለማይኖር ልጁ ቁመቱ በተሰመረ ዘንግ ይለካና የኪኒኑ ብዛት ከዘንጉ ይነበባል። ኪኒኑ መራራ ነው፤ ባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ቁርስ ያልበላ ልጅ ዘመቻው ቀን ላይ ይቸገራል። በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ለትምህርት ዕድሜ ከደረሱት ልጆች 75 በመቶውን በየጊዜው እንዲያክሙ ወሰነ። ሜርክ ከ2007 ጀምሮ መድኃኒቱን በነጻ ይሰጣል፤ መጠኑ በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ኪኒን ደርሷል። ኢትዮጵያ በ2013 ችላ የተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎችን የሚመለከት ብሔራዊ ዕቅዷን አወጣች፤ በ2015 አገር አቀፉን የትምህርት ቤት ዘመቻ ጀመረች። በብዛት የሚጠቀሰው ግምት በአገሪቱ 37 ሚሊዮን ሕዝብ ለቢልሃርዚያ በተጋለጠ አካባቢ እንደሚኖርና ወደ 5 ሚሊዮን እንደተያዘ ነው።

የዘመቻው ሒሳብ ግን ያንን ነጠብጣብ ካርታ ረስቶታል። በ2006 በወጣው መመሪያ መሠረት ከልጆቹ ግማሹና ከዚያ በላይ የተያዙበት ቦታ በየዓመቱ ይታከም ነበር፤ ከ10 እስከ 50 በመቶ ከሆነ በሁለት ዓመት አንዴ፤ ከ10 በታች ከሆነ አንደኛ ደረጃን እስኪጨርስ ሁለት ጊዜ። ይህ ይወሰን የነበረው በወረዳ ነው። ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ የብር ወንዝ ዳር ቀበሌና ኮረብታው ላይ ያለው ቀበሌ አንድ አማካይ ይሰጣቸው ነበር። አማካዩ ዝቅ ካለ የወንዝ ዳሩ ልጅ የሚገባውን አያገኝም ነበር። በሽታው በወረዳ ወሰን ስለማይሄድ ይህ አሠራር ሲጀመር ጀምሮ ስሕተት ነበረበት። በ2022 የወጣው አዲስ መመሪያ 10 በመቶና ከዚያ በላይ በተያዘበት ማኅበረሰብ ሁሉ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያለው ሰው በየዓመቱ እንዲታከም ያዛል፤ «ማኅበረሰብ» ማለት ወረዳ ነው ወይስ ቀበሌ የሚለው ግን ለየአገሩ የተተወ ነው። ፕራዚኳንቴልም ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ በዚያው ሳምንት የገባውን እጭ አያጠፋም፤ ልጁ ነገ ወንዝ ሲመለስ ከመያዝም አያድነውም።

ለዚህ ነው የ1964ቱን የመስኖ ጥናት አብሬ ያነሣሁት። በ2000ዎቹ ሜጫ ወረዳ መራዊ አጠገብ የኮጋ ግድብ ተሠራ። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር ገደማ ያጠጣል። ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀንድ አውጣው ከሚኖርበት ወሰን ላይ ማለት ነው። ዋና ቦዮቹ በሲሚንቶ የተለበጡ ስለሆኑ ውኃው ይፈጥናል፤ ቀንድ አውጣ አይወደውም። የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ውኃው ይቆማል፣ ይሞቃል፣ ዳሩ ላይ ቄጠማና ሣር ይበቅላል፤ ከብት ይጠጣበታል፤ ልጅ ይዋኝበታል። ሦስተኛ ደረጃ የአፈር ቦዮችም እንደዚያው። ቢልሃርዚያን በሚያስብ መሐንዲስ እጅ ኩሬው በየጊዜው ሊደርቅ፣ ዳሩ ሊመነጠር፣ ልብስ ማጠቢያና መሻገሪያ ሊሠራለት ይችላል፤ ይህ ከውድ ነገር አይቆጠርም። በየቀበሌው በሞተር ፓምፕና በጠለፋ የተስፋፋው የሽንኩርትና የድንች መስኖ ደግሞ የሚያስብለት መሐንዲስ እንኳ የለውም። ገበሬው ውኃ ሲያጠጣ ቀኑን ሙሉ ባዶ እግሩን ቦዩ ውስጥ ነው። ቡሬ በበርበሬና በበቆሎ፣ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት የሚመካው ገበሬ ሀብቱን የሚያገኘው ከዚያው ውኃ ነው፤ «ከውኃ ራቁ» የሚል ምክር ለእሱ ስድብ ይመስለዋል፣ እውነቱንም ነው።

ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ዘመቻውን ከመሠረቱ መታው። መድኃኒቱ የሚታደለው በትምህርት ቤት ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጁ ከክፍል ወጥቶ ወደ ከብት ጥበቃ ተመለሰ፤ ከብት ጥበቃ ወንዝ ዳር መዋል ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ኪኒኑም ቀረ፣ በወንዙ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓትም ረዘመ። ቆጣሪ ቡድን ስለማይገባ የዚህ ዘመን ቁጥር ከነጭራሹ አይኖርም፤ የወደፊቱ ካርታ ላይ ሌላ ባዶ ቦታ ነው።

ዘመቻው ሲሠራም የማያገኛቸው ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ለትምህርት ያልደረሱት ናቸው። እናት ፍኖተ ሰላም አጠገብ በላህ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ሕፃኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሙቀት ሲበረታም በሳፋ ውኃ ቀድታ ታጥበዋለች። ሰርካሪያው በሳፋውም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ትልቁ የፕራዚኳንቴል ኪኒን ለሕፃን አይመችም፤ ሲሰባበርም ምሬቱ ይብሳል። በ2023 መጨረሻ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀውንና ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን አዲስ ዓይነት፣ አርፕራዚኳንቴልን፣ ደግፎ አስተያየት ሰጠ። ይህ ኪኒን ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዙሪያ ሲደርስ በትምህርት ቤት ስም ዝርዝር የሚታደል አይሆንም፤ የእነዚህ ልጆች ስም ያለው በጤና ኬላው የክትባት መዝገብ ላይ ነው።